በማይሰማው ጆሮ

ድንጋይ ትፈልጥ ነበር፤ ሌላ ሥራ የላት፣
ባሏን ጉድጓድ ውጦት፣
ግራ ጆሮዋንም ድማሚት ነጥቋት።
ከሳንታ ሪታ ማዕድን፣ ከቦሊቪያ ተራራ፣
ሰዎች ቆፍረው ከጣሉት፣ ከትራፊም ትራፊ ጋራ
ጎንበስ ብላ ስትውል፣
ጥፍር የምታህል ቆርቆሮ ካገኘች እራት ትበላለች፤
ካጣች ኮካ ቅጠል አኝካ ታድራለች።
ኤውሎጊያ ትባላለች።

ከሰፈሩ በላይ ግድቡ አለ፤ የኩባንያው ዝቃጭ፣
ሽበት የመሰለ ጭቃ፣ በአፈር ግንብ ተይዞ፣
ከጣሪያችን ከፍ ብሎ የተኛ፣ ትንፋሹን ይዞ።

እኔማ ፊደል የቆጠርኩ፣ ዶን ካሲሚሮ የተባልኩ፣
የቤተ ጸሎቱን ቁልፍ ካንገቴ ያንጠለጠልኩ፤
ቄሱ በዓመት ሁለቴ በጭነት መኪና ሲመጣ
ከጎኑ ቆሜ የማነብ።
ጥሪ ከሰማይ ቢወርድ፣ እል ነበር፣ ደጄን መቼም አያጣ።

ማክሰኞ ሲመሽ መጣች። አቧራዋን ሳታራግፍ፣
መዶሻዋን እንደ ሕፃን በጉያዋ እንዳቀፈች።
«ድምፅ ሰማሁ» አለች።
«በየትኛው ጆሮሽ?» አልኳት፣ ልቀልድ ብዬ።
«በግራው።»
በማይሰማው።
ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«‹ግድቡ ተሰንጥቋል› አለኝ፣ ‹የታች ሰፈሩን ጥሪ፣
ሌሊቱን አስነሺና ወደ ኮረብታው ምሪ።›
ተከራከርኩ፤ ሰው ነኝና ፈሪ።
‹ጌታዬ፣ እስከ መቶ እንኳ መቁጠር አልችልም፣
ያለ አውራ ጣቴ በቀር የምፈርምበት የለኝም።
ዶን ካሲሚሮ አለልህ፤ ያነባል፣ ድምፁም ያምራል፤
መሐንዲሱ አለልህ፤ ቆብ ያደርጋል፣ ይከበራል፤
የማኅበሩ ጸሐፊ አለ፣ ማይክሮፎን አለው…›
ዝም።
ስም ሲያልቅብኝ፣ ሰው ሲያልቅብኝ፣
ያው እኔ ብቻ ቀረሁ።»

ምን ልበላት?
መሐንዲሱ በመሣሪያ ለክቶ «መቶ ዓመት ይቆማል» ብሏል፤
ወረቀቱን ለሰፈሩ ያነበብኩት እኔው ነኝ።
«ሂጂ ተኚ፤ ብርድ ነው የመታሽ» ብዬ መዝጊያውን ገፋሁ።
እውነቱን ልናገር፦ ቀናሁባት።
ዕድሜዬን ሙሉ «እግዜር ያውቃል» ስል የኖርኩ ሰውዬ
ያወቀውን ሲያደርግ ከፋኝ።

መጀመሪያ የነጋዴውን ከረጢት ሞልታ አስረከበች፤
«ዕዳ ያለበት ሰው አይመራም» ብላ።
ከዚያ በመዶሻዋ ደጃፍ ደጃፉን መታች።
ገሚሱ ሰደባት። ገሚሱ ወጣ፤ ከነላማው፣ ከነድንቹ፣
አርባ የሚሆን ሰው፣ ሽማግሌው ከነልጁ፣
ኮረብታው ላይ ጥርሱን ሲያንቀጫቅጭ አደረ።

ነጋ።
ግድቡ እንደቆመ ነበር።

ሲወርዱ ውሾቹ እንኳ የሳቁ መሰለኝ።
«ነቢይቱ!» አሏት። ልጆች ጠጠር ወረወሩባት።
ልጇን ሳል የያዘባት እናት ፊቷ ላይ ተፋችባት።
ምራቁን በሻሿ ጠርጋ ክምሯ ላይ ወጣች፤
ድንጋይ ስትፈልጥ ዋለች።
የመዶሻው ድምፅ ከሌላው ቀን
አልጎላም፣ አላነሰም።

ረቡዕ ማታ መዝጊያዬ ተንኳኳ።
ብረት በእንጨት ላይ ነው፤ ማነው ብዬ አልጠየቅሁም።
«ዛሬስ ተናገረሽ?»
«የለም። በግራም በቀኝም ዝም ነው።
ትናንት ያለኝን ግን አልሻረም።»

እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መዶሻውም አብሮ።
ፈርታለች። ከእኔ ይልቅ ፈርታለች።
ቀጥሎ ያለው በር የዚያች የተፋችባት እናት ነው፤
ወደዚያው ዞረች።

ፋኖሱን ከምስማሩ አወረድኩ።
ቁልፉን ካንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።
ፊደል የቆጠርኩ እኔ፣ ፊደል ከማታውቅ ሴት ኋላ፣
የምትረግጠውን እያበራሁላት፣
ሰፈሩን በር በበር።
ወደ ግድቡ ቀና ብዬ አላየሁም።